ከቤቱ ሳይወጣ ውጭ አገር የተገኘው ሰው

በሰፈሩ «ስልከኛው» ነው የሚሏቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይናቸው አያይም፤ ጡረታ እስኪወጡ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ስልክ እያነሱ ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ኖረዋል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ወዳጃቸው መጽሐፍ ሆነ። ከቤታቸው ጀርባ ያለው ቤተ መጻሕፍት ለዓይነ ስውራን በድምፅ የተቀዱ መጻሕፍትን በኢንተርኔት ያስደምጣል።

አንድ ጠዋት፣ የታሪኩ መርከበኛ ከማዕበል ጋር ሲታገል ድምፁ ቀጥ አለ። ስልኩን ቢያጠፉት ቢያበሩት ወይ ፍንክች። ምራታቸውን ጠሩና አነበበችላቸው።

«‹ይህ አገልግሎት እርስዎ ባሉበት አገር አይሰጥም› ይላል፣ አባባ።»

«የት ነኝ እኔ?»

«ውጭ አገር ነው የሚልዎት።»

«ፓስፖርት እንኳ ሳላወጣ።»

ቀልዱ ግን አላሳረፋቸውም። ከወንበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ አልጋ ይመላለሳሉ፤ ሬዲዮ ይከፍታሉ፣ ወዲያው ይዘጋሉ። የቀረበላቸው ምሳ ይቀዘቅዛል። ምራታቸው ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ብትደውል፣ «ከውጭ ለሚያዳምጡ ዘግተናል» ተባለች። እንዲህ ሲቁነጠነጡ ሰንብተው ዱላቸውን አነሱ።

«ወዴት ነው አባባ?»

«አገሬ ልግባ።»

የቤተ መጻሕፍቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ወንበር ሰጣቸው።

«የኢንተርኔት ሌቦች እየገቡ ሲያስቸግሩን ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ዘጋነው፣ አባቴ። የእርስዎ ቤት የኢንተርኔት አድራሻ ደግሞ የውጭ ተብሎ ነው የተመዘገበው። የኢንተርኔት ድርጅታችሁ ከሌላ አገር ገዝቶት ይሆናል፤ ምዝገባው ገና አልታረመም።»

«ሌቦቹስ ቆሙ?»

የባለሙያው ወንበር ሲጥ አለ። «አልቆሙም። የአገር ውስጥ አድራሻ እየተከራዩ ይገባሉ።»

«እንግዲያው ሌባው ውስጥ፣ እኔ ደጅ ነኛ።»

ባለሙያው የእሳቸውን አድራሻ ብቻ ለይቶ ከፈተላቸው። መርከበኛው ከማዕበሉ ወጣ፣ ቀጣዩ ምዕራፍም ተጀመረ። በነጋታው ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ የቤታቸው ኢንተርኔት ሌላ አድራሻ ይዞ ተነሳና ያው በሩ ተዘጋ።

ስልከኛው ተመልሰው ሄዱ። «ካንተ ጎን ነው የምቀመጠው» አሉት። «በተለዋወጠ ቁጥር ከምመላለስ ይሻላል።»

እውነትም ተቀመጡ። ዱላቸውን ወለሉ ላይ ኳ ኳ እያደረጉ፣ ባለሙያው ስልክ ሲያነሳ ይሰማሉ። የሚደውለው ሁሉ ያው ነው፦ አንዱ ተማሪ ከመኝታ ክፍሉ፣ አንዷ እናት ከገጠር፣ ሁሉም ከአገራቸው ሳይወጡ ውጭ አገር የተባሉ። ማምሻውን ባለሙያው ተነስቶ አለቃው ዘንድ ገባ። በዚያው ሳምንት የውጭ አገር እገዳው ተነስቶ፣ አባላት በካርድ ቁጥራቸውና በምስጢር ቃል እንዲገቡ ተደረገ።

ስልከኛው ዛሬ እንደ ልባቸው ያዳምጣሉ። ልባቸው ግን አልረጋም። አንባቢው እየተጣደፈ እንዲያነብላቸው ፍጥነቱን ከፍ አድርገውታል፤ አንዱን መጽሐፍ ሳያጣጥሙ ሌላውን ይከፍታሉ።

«ቀስ ይበሉ እንጂ አባባ፣ ማን ያባርርዎታል?» ትላቸዋለች ምራታቸው።

«ቆይ፣ በሩ ደግሞ ሳይዘጋ ይቺን ልጨርስ» ይላሉ፣ ስልኩን ወደ ጆሯቸው እያስጠጉ።