ማክሰኞ የጠፋው ምድጃ

ከዳባት በላይ ካለችው መንደራችን የወጣን ዕለት፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ እናቴ ምድጃው ላይ ውሃ ቸለሰችበት። እኛ ቤተ እስራኤሎች ለሰንበት እሳት እናጠፋለን፤ ያን ቀን ግን ማክሰኞ ነበር። በጉዞው ስፈነድቅ የነበርሁት ጎረምሳ ጭሱን ሳይ ጓዜን አስቀመጥሁ። ቤቱን የገደለችው በገዛ ምድጃው ነበር።

በእግር ሱዳን፣ ከዚያ እስራኤል፤ ይኸው በበረሃ ከተማ፣ ፎቅ ላይ አረጀሁ። የደባርቅ ውርጭ የሚናፍቀው ሞኝ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አሁን ጠዋት ጠዋት በመስታወት አየዋለሁ።

ዘንድሮ የደም ካንሰር አለብህ ተባልሁ። ሮፌው፣ ሐኪሙ ማለቴ ነው፣ አንቱታ በሌለው ቋንቋ ይናገራል፤ ነርሷ ኦሪት፣ የጎንደር ሰዎች ልጅ፣ አንቱ እያለች ትተረጉምልኛለች።

“አባባ፣ በሕዋሶችዎ ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ምድጃዎች አሉ። ኃይል የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ሕዋሱ መሞቻው ሲደርስ ደግሞ ምድጃው ራሱ ተከፍቶ የሞቱን ትእዛዝ ያወጣል። የታመሙት ሕዋሶችዎ ግን እንዳይከፈት ዘበኛ አቁመዋል። ይህ አዲስ መድኃኒት ዘበኛውን ይይዘዋል።”

“አንሞትም ያሉት እነሱ ናቸው?”

“አዎ።”

“በእኔ ወጥተው ነዋ።”

ሮፌው አልሳቀም። መጠኑ በየሳምንቱ ይጨመራል አለ፤ የሕዋሶቹ ሬሳ ባንዴ ከበዛ ኩላሊት ይዘጋል፣ ስለዚህ ማይም፣ ውሃ፣ ሳታቋርጥ ጠጣ።

መጠኑ በተጨመረ ማግስት፣ ኮረብታ ወጥተን የምንጸልይበት በዓላችን፣ የስግድ ጾም ዋለ። በስግድ ውሃ ልጠጣ? መድኃኒት ጾም አይሽርም ብዬ ለራሴ ቄስ ሆንሁና እንክብሏን በምራቄ ዋጥኋት። ኮረብታው ላይ ስሰግድ ልቤ አንዴ ሮጠ፣ አንዴ ቆመ፤ ወደቅሁ። ስነቃ ሆስፒታል ነኝ፣ ክንዴ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል።

“ለምን አልጠጣህም?” አለ ሮፌው። ኦሪት “ለምን አልጠጡም?” ብላ አለሰለሰችው።

“እግዜርን አፍሬ።”

“እግዜር ኩላሊት የለውም ይላል” አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

ከዳባት አብሮ አደጌ መሪጌታ አላምረው ደወለ። እነሱ በቤተ ክርስቲያን፣ እኛ መስጊድ በምንለው የጸሎት ቤታችን፣ አንድ ወንዝ እየጠጣን ነው ያደግን።

“ምን አሉህ?”

“የተዘጋው ኩላሊቴ ይመለስ አይመለስ ነገ ይለያል አሉ። እሳቱስ እየጠፋ ነው።”

“የማን? የበሽታው ወይስ ያንተ?”

ከላዬ ከተሰቀለው ከረጢት ጠብ፣ ጠብ ይላል። ያ የማክሰኞ ጭስ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

“አለህ?” አለኝ።

ከአልጋዬ አጠገብ ያለውን የውሃ ብርጭቆ አነሣሁ።

“እየጠጣሁ ነው” አልሁት።