ከኮት ገበር የወጡ ሰባት ካሬዎች

ሆሳዕና ገበያ አጠገብ ባለው የእትዬ ዘነበች ስፌት ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን መቀስ አልሰጡኝም። በአራቱም ጎን ሃያ ሃያ ሴንቲሜትር የሆኑ ሁለት የአቡጀዲ ቁራጮች አቀበሉኝና «ጎን ለጎን ስፊያቸው» አሉኝ። ሰፋሁ።

«አሁን ርዝመቱ ስንት ሆነ?»

«አርባ።»

«በአፍሽ አይደለም፣ በሜትር።»

ስለካው ሠላሳ ስምንት ሆነ። እትዬ ዘነበች ሳቁ። «ሁለቱን ስፌቱ በላው። ከየቁራጩ አንድ አንድ። ቆራጭ ማለት ስፌት የሚበላውን ቀድሞ የሚመድብ ሰው ነው።»

ቤቱ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋ ነበር። ከዩኒፎርሙ የሚተርፈውን ብጣሽ እያገጣጠምን የአልጋ ልብስ እንሠራለን። ደንቡ ብዙ አይደለም። ተሰፍቶ ሃያ እንዲሆን የተፈለገ ካሬ ሃያ ሁለት ሆኖ ይቆረጣል። ካሬው ከሁለት ሦስት ማዕዘን የሚገጠም ከሆነ ግን ሃያ ሁለት አይበቃም፤ ሰያፉም ስፌት ስላለው ሃያ ሦስት ተኩል ቆርጠን ከጥግ እስከ ጥግ ለሁለት እንከፍለዋለን። አቡጀዲ ከመቆረጡ በፊት ውሃ ይነካል፣ ይደርቃል፣ ይተኮሳል። ይህ ካልተደረገ መጀመሪያ የታጠበ ዕለት ይሰበሰብና ጎረቤቶቹን ይጎትታል።

የአልጋውን ልክ ከደንበኛ መቀበል ከመቁረጡ ይከብዳል። አንዲት የሀቢቾ ሴት «አልጋዬ ዘጠኝ ስንዝር ነው» አለችን።

«በማን ስንዝር?» አሏት እትዬ ዘነበች።

«በባሌ።»

«እንግዲያው እሱን ይዘሽው ነይ።»

በሚቀጥለው ገበያ ይዛው መጣች። ሰውየው እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ለካነው።

ዓመታት አልፈው የመቁረጫው ጠረጴዛ የእኔ ሆነ። አንድ ቀን ምሕረት የምትባል ልጅ ከእናቷ ከወይዘሮ ወርቅነሽ ጋር ከጊምቢቹ መጣች። አባቷ መምህር ነበሩ፤ ካረፉ ዓመት አልሞላቸውም። እሷ አግብታ ሾኔ ልትገባ ነው። ከአባቷ ልብስ የአልጋ ልብስ ተሠርቶላት ይዛው መሄድ ፈልጋለች። ሦስት ሸሚዝና አንድ ካኪ ኮት አምጥተዋል።

መሃሉ አምስት በአምስት፣ ሃያ አምስት ካሬ ይሁን፣ ዙሪያው አዲስ ጨርቅ ይሁን ተባባልን። ሃያ ሁለት በሃያ ሁለት የሆነ የወረቀት ቅድ እያሳረፍኩ ሸሚዞቹን ለካሁ። አንገትጌና ክርናቸው አልቋል፤ ከጀርባና ከደረታቸው አሥራ ስምንት ካሬ ይወጣል። የቀረው ሰባት ከኮቱ መውጣት ነበረበት።

ኮቱ ላይ ጠመኔ ሳሳርፍ የሟቹ ወንድም አቶ ሄራሞ ገቡ። ከወይዘሮ ወርቅነሽ ጋር በሀዲይኛ ጥቂት ተነጋገሩና ወደ እኔ ዞሩ።

«እህቴ፣ መቀሱን አስቀምጪው። የሟች ልብስ ለዘመድ ይሰጣል እንጂ ይቆረጣል እንዴ?»

«ጋሼ፣ ለእርስዎ ይጠብዎታል» አለች ምሕረት።

«ሳልቆልፈው እለብሰዋለሁ። ወንድሜ በዚህ ኮት ስንት ቤት አስታርቋል። ሰርግሽ ላይ በእሱ ቦታ የምቆመው እኔ ነኝ። በአልጋ ልብስ ተጠቅልዬ ልቁም?»

ወይዘሮ ወርቅነሽ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ምሕረት አልሳቀችም። «እንግዲህ የእኔ ጎደሎ ይሁን ማለት ነው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ካሬዎቹን ብታሳንሺያቸውስ? ቁጥራቸው ይበዛ የለም?»

ብዙ ደንበኛ እንዲህ ያስባል። አራት ትንንሽ የወረቀት ካሬዎች፣ እያንዳንዳቸውን አሥራ ሁለት አድርጌ ቆረጥኩላት። ተሰፍተው አሥር አሥር ይሆናሉ፤ አራቱ ተገጥመው የአንዱን ትልቅ ካሬ ቦታ ይሸፍናሉ። ሳይሰፉ ግን ትልቁ ቅድ ላይ ስደረድራቸው በሁለት ጎን ተርፈው ወጡ። «አየሽ፣ ሲያንስ ስፌቱ ይበዛል። የበዛው ስፌት ደግሞ የሚበላው የአባትሽን ሸሚዝ ነው።»

ሰባቱን በአዲስ ጨርቅ ልሙላው ብላት እሺ እንደማትል ገባኝ፤ እኔም አላልኳት።

ኮቱን ለአቶ ሄራሞ ለመስጠት አነሳሁት። ጠመኔው እንዳይነካካ ላጥፈው ብዬ ስገለብጠው ገበሩን አየሁ። ቡናማ ሳቲን ነው፤ ትከሻው ላይ ደብዝዟል፣ ጀርባው ግን ደህና ነው። ቅዱን አሳረፍኩ። ከጀርባው አራት፣ ከሁለቱ ደረቶች ሦስት ወጣ። አራተኛው የደረት ካሬ ተቀዷል።

«አባባ፣ ኮቱን ይውሰዱት፤ ገበሩን ግን ለልጅቱ ይተዉላት። እኔ አዲስ ገበር አደርግበታለሁ።»

አቶ ሄራሞ ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱት። «ከላይ አይታወቅም?»

«ካልገለበጡት ማንም አያውቅም።»

«እንግዲህ ሰርግ ቤት ማን ይገለብጠኛል?»

ምሕረት የውስጥ ኪሱ ሥር ያለውን ሰማያዊ የእስክሪብቶ ቀለም አገኘች። ከደረቱ ካሬዎች አንዱ ውስጥ ነው።

«ይሄ ቀለም አይለቅም» አልኳት።

«ይልቀቅ ማን አለ?»

ሳቲን ያንሸራትታል፤ ብቻውን ከተሰፋ ካሬው ይጣመማል። ስለዚህ ውሃ በነካ አቡጀዲ ላይ አያያዝኩትና ሁለቱን አንድ ላይ ሃያ ሁለት አድርጌ ቆረጥኩ። ቀለም ያለበትን ካሬ መሃል ላይ አደረግሁት።

ሊረከቡ የመጡ ዕለት አቶ ሄራሞ ኮቱን ሳይቆልፉ ለብሰው ነበር። ምሕረት የአልጋ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ቀለሙን ፈለገች፤ ስታገኘው መዳፏን አሳረፈችበት። ሜትሩን ራሷ አንስታ መሃሉን ለካች፤ ልክ አንድ ሜትር ሆነ።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ቆረጣ ለሚማሩት ልጆች የምነግራቸው ይህንን ነው፤ ለመቆረጥ የመጣን ልብስ ከመለካታችሁ በፊት ገልብጡት።