ይሉኝታን ከአንድ እስከ አምስት

እጅ እጅ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፤ እንደ ራሴ ግን ማንም አንገሽግሾኝ አያውቅም።

ሰቆጣ ነው የማስተምረው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ መጠይቅ አስሞላ ነበር። ያን ዓመት ከአዲስ አበባ አንድ አስተባባሪ መጥቶ ሰበሰበንና “የአገር ባህል ይለካል” አለን። ሰው ለአለቃው ምን ያህል ይገዛል? ከራሱና ከዘመዱ ማንን ያስቀድማል? እንዲህ እያለ አርባ ጥያቄ ይሄዳል። መልሱ ከአንድ እስከ አምስት ነው፤ አንድ ፈጽሞ አልስማማም፣ አምስት በጣም እስማማለሁ። ያው ወረቀት ቀድሞ ዛሬ ማይናማር በሚሏት በበርማ ተሞልቷል፤ የእኛ ከነሱ ጋር ይነጻጸራል። በርማዎች፣ አለ አስተባባሪው፣ ሰው ላለማስቸገር ሲሉ የራሳቸውን ችግር ውጠው ዝም የሚሉበት ጠባይ አላቸው፤ አናዴ ይሉታል።

“ይሉኝታ ነዋ!” አልኩት።

“እሱ መጠይቁ ውስጥ የለም” አለኝ። እኔም አልተከራከርኩም።

የደረሰኝ ጋዝጊብላ ወረዳ ነበር። መንገድ የሚመራኝ የቀበሌ ሰው አንድ ደጅ ልንደርስ ስንል ቆም አለና “የእኚህ እናት ልጅ በርማ ነው ያለው” አለኝ። ደላሎች የኮምፒውተር ሥራ ብለው ወስደው፣ አጥር ውስጥ ዘግተውበት፣ በስልክ ሰው ሲያጭበረብር እንዲውል አስገድደውታል። ድምፁ ከጠፋ ወራት ሆኖታል። ይህን ሰምቼ ነው የገባሁት።

ሰላምታ ተለዋውጠን ስንቀመጥ ወረቀቱ ላይ ያለውን መግቢያ አነበብኩ። “ይህ ጥናት ቀደም ሲል በበርማ ተካሂዷል።”

“በርማ ነው ያልከው?” አሉ እናትየው።

“አዎ።”

ተነሡና ለበዓል ያስቀመጡትን ነጭ ማር አመጡ። ምን እንዳሰቡ ወዲያው ገባኝ። “እናቴ፣ እኔ ልጅዎን የማምጣት አቅም የለኝም” ማለት ነበረብኝ። ግን ይህን ካልኩ ያለቅሳሉ፣ ቅጹ ሳይሞላ ይቀራል፣ እስከሚቀጥለው ቤት ደግሞ የሁለት ሰዓት ዳገት አለ። ማሩን በላሁ።

እንግዳ የመጣበትን ጉዳይ ሳይጨርስ የቤቱ ባለቤት የራሱን አያነሳም፤ ነውር ነው። ይህንንም አውቅ ነበር።

“ከአለቃ ጋር መከራከር ነውር ነው ይላሉ? ከአንድ እስከ አምስት።”

“የቱ ቢሆን ነው ለናንተ ደጉ?”

“የርስዎን ሐሳብ ነው የምንፈልገው።”

“እንግዲያው ትልቁ ይሁንልህ።”

አምስት ጻፍኩ። ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሠራተኛ ከአለቃው ጋር መከራከር አለበት ይላል። እሱም አምስት። ጥያቄው እርስ በርሱ ሲጣላ እሳቸው ሁለቱንም በአምስት ያስታርቁታል። አርባውም እንዲሁ አለቀ። በየመሀሉ ደስ ብሎኝ እንደሆነ ፊቴን ያያሉ፤ እኔም ደስ ያለኝ እመስላለሁ። እርጉም!

ወረቀቱን ስሰበስብ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

“ጉዳይህ ሞላ?”

“ሞላ፣ እናቴ።”

“እንግዲያው እኔም ላስቸግርህ። ልጄን መቼ ታመጡልኛላችሁ?”

“እኛ ባህል ነው የምንለካው” አልኩ። በዚህ አፌ፣ ማራቸውን በበላሁበት።

ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። “አይ፣ ይቅር በለኝ ልጄ፤ ከሥራህ አዋልኩህ” ብለው እስከ በር ሸኙኝ።

አስተባባሪው ቅጹን አገላብጦ “አንድም ባዶ የለው፣ ግሩም ነው!” አለኝ። ሥልጣን አክባሪ ሕዝብ ነው አለ፣ ቁርጥ በርማን። ከግርጌው “የጥናቱ ዓላማ ለመላሿ በሚገባ ተብራርቷል” የሚል መስመር ነበር፤ እዚያ ላይ ፈረምኩ።

በሳምንቱ ሴትዮዋ ሰው እየጠየቁ ቤቴ ድረስ መጡ። እግራቸው አቧራ ለብሷል። ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉ፤ ላለማስቸገር።

“ልጄ፣ ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ” አሉኝ። “አምስት አምስት እያልኩ የልጁን ነገር ያበላሸሁት እኔው ነኝ። እባክህ ወረቀቱን መልሰህ አምጣው፤ ካስፈለገ ሁሉንም አንድ እላለሁ።”