እርጥብ ሣር ይዤ ናይሮቢ ሜዳ ውስጥ

አባቴ «ጠብ አይተህ ዝም ብለህ አትለፍ» ይለኝ ነበር። እኛ ጋሞዎች እርጥብ ሣር ይዘን መሐል ከተንበረከክን፣ ጠበኛ አልፎን አይማታም።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የአርባ ምንጭ ቤተ ክርስቲያናችን መጽሐፍ ቅዱስ እንድማር ናይሮቢ ላከችኝ። አንድ ቅዳሜ፣ አብሮኝ ከሚማር የሞያሌ ሰው ጋር በሜዳ አጠገብ ሳልፍ ወጠምሾች አንዱን ጥለው ተከመሩበት። ሰዉ ደግሞ ዙሪያውን ቆሞ ያጨበጭባል!

«ኧረ ገደሉት!» አልኩ።

«ተው ወንድሜ፣ ጨዋታ ነው» አለኝ ጓደኛዬ።

«የዚያን የዳር ልጅ አፍንጫ አታይም? ደም እየፈሰሰ ምን ጨዋታ አለ?»

ጌታ ሆይ እርዳኝ ብዬ ሣር ነጨሁና ሮጬ ገባሁ። አጠገባቸው ተንበርክኬ «ስለ እግዚአብሔር ተዉት!» እያልኩ ጮህኩ። ፊሽካ ተነፋ። ሁሉም ቆመው አፈጠጡብኝ። እኔ ግን ሣሩን አልለቀቅኩም።

ከሥር የነበረው ሰውዬ ቀስ ብሎ ተነሣ። እንቁላል የመሰለች ኳስ ደረቱ ላይ አቅፏል። መጥቶ ትከሻዬን ያዘና አንድ ነገር አለኝ። ጓደኛዬ እየሣቀ ተረጎመልኝ፦

«ለእኛ ከሆነ የምትጸልየው ድምፅህን ጨምር፤ እየተሸነፍን ነው።»