ከናፍጣው ሥር የተኛው ውኃ

ዘመኑ መብራት በፈረቃ የነበረበት ነው። ካዛንቺስ የሚገኘው መሥሪያ ቤታችን በጄኔሬተር ይሠራ ነበር፤ ጄኔሬተሩ መንተፋተፍ ጀመረ፣ ሰነበተና ጭራሹን ጠፋ። የተጠራው መካኒክ ከማጣሪያው ውኃ አወጣ። ናፍጣው ተሸጦ በውኃ ተተክቷል የሚል ጥርጣሬ ወዲያው ተነሣ፤ ኦፕሬተሩም ከሥራ ታገዱ። የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ስለነበርኩ፣ ታንከሩን በምስክር ፊት አስከፍቼና አሳጥቤ ውጤቱን ለዲሲፕሊን ኮሚቴው እንዳቀርብ ታዘዝኩ።

ኦፕሬተሩ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሰው ነበሩ። ጥፋተኛ ከተባሉ የሚሰናበቱት በሌብነት ስም ነው። ኮሚቴው የጄኔሬተሩን ቤት ቁልፍ ሌላ ሰው ይዞት ያውቅ እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ «ከእኔ እጅ ወጥቶ አያውቅም» ብለው ነበር።

በሥራው ዕለት የታንከሩን የሥር ቡሎን የፈቱት ራሳቸው ናቸው።

«ቀስ ይበሉ» አልኳቸው። «ውኃ ከናፍጣ ይከብዳል፤ እርሱ ቀድሞ ይውጣ።»

ፈሳሹን በነጭ ጠርሙስ እንድንቀበል ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ትክክል ነበርኩ እላለሁ። ውኃው ከሥር፣ ናፍጣው ከላይ፣ እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት ሳይነካኩ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ጥቁር ዝቃጭ ወረደ፤ የመጀመሪያው መንተፋተፍ ምክንያት እርሱ ነበር። የቀረው ሁሉ ንጹሕ ናፍጣ ሆነ። ውኃው በጠቅላላው አንድ ጆግ አይሞላም።

ለምስክርነት የመጣው የሒሳብ ሠራተኛ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አነሣው። «ለዚህ ነው የታገዱት? በዚህ እኮ የአንድ ሰው ሻይ እንኳ አይፈላም!»

ሆኖም ውኃው ከየት መጣ? ኮሚቴው ይህን መጠየቁ አይቀርም። ኦፕሬተሩ ግን ጠርሙሱን ይዘው ወደ ቦዩ ሄዱ።

«በስመ አብ! እንዳይደፉት!»

የጮኹት መወልወያ ጨርቅ ያመጡልን የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

«ጸበል ነው፣ ጋሼ» አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው። «ከቂርቆስ ያመጣሁት። ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ሰው ሁሉ እሳቸው ላይ ሲጮህ አላስችል አለኝ። ዓርብ ለሶላት ሲሄዱ ቁልፉን ለእኔ ነው የሚሰጡት፤ አንዱን ዓርብ ከፍቼ ጨመርኩበት።»

«እትዬ፣ ከውጭ ቢረጩት አይበቃም ነበር?» አልኳቸው።

«በሽታው ከውስጥ ነው ሲሉ ሰማኋ! የውስጥ በሽታ ይጠጣል እንጂ ይረጫል?»

ኦፕሬተሩ ከታገዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ታዲያ እትዬ፣ ክርስትና ሊያነሡት ኖሯል! ስሙን ማን አሉት?»

«ያሹፉ እርስዎ! አፍ አውጥተው ቁልፉ እሷ ጋ ነበር ቢሉ ምን ነበረበት?»

«ልጆችዎን ማን ሊያበላ?» አሉና ወደ ታንከሩ ተመለሱ።

ታንከሩን በጨርቅ ወልውለን ፀሐይ ላይ አደረቅነው። ማጣሪያው ተቀየረ፤ ናፍጣውን በድርብ አቡጀዲ እያጠለልን መለስነው። እትዬ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸተውን ጸበል፣ እግር እንዳይረግጠው ከግቢው ጽድ ሥር አፈሰሱት። ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። እትዬ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አላልኩም?» አሉ።

ለኮሚቴው ያየሁትንና የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስረዳሁ። ሰብሳቢው «ጸበል» የሚለው ቃል በቃለ ጉባኤ ይስፈር አይስፈር ብዙ ካከራከሩ በኋላ፣ «በቅን ልቦና የተጨመረ ውኃ» ተብሎ ተመዘገበ። ኦፕሬተሩ ከክሱ ነጻ ተብለው እገዳው ተነሣላቸው፤ የጽዳት ሠራተኛዋም በቃል ምክር ታለፉ። ውሳኔው የተሰጠው የቂርቆስ ንግሥ በተከበረ ማግስት፣ ጥር ፲፮ ቀን ነበር።