የልብስ ሰፊው የቃጫ ገመድ

የትርሲት ንዴት የጀመረው ባነሩን ካየችበት ሰዓት ነው። ከወልቂጤ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ቡታጅራ መናኸሪያ ሲገባ የአባቷ ፎቶ በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ «የጋሽ ሽባባው መታሰቢያ ዋንጫ፣ የመስቀል ማግስት» ይላል። ከሥሩ፣ ከሟቹ ስም በሚበልጥ ፊደል፣ «የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አምሀ» ተብሎ ተጽፏል። አባቷ ካረፈ ገና ሰባት ወሩ ነው። ለማያውቅ ሰው የሞተው አምሀ ይመስለዋል፣ ብላ እየተብሰለሰለች ወረደች።

ሽባባው ልብስ ሰፊ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን የስፌት መኪናውን ሸፍኖ ሜዳ ይወርዳል። የሰፈሩን ልጆች የማሊያ ቁጥር የሚሰፋው ከደንበኛ በተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ስለነበር፣ የዘጠኝ ቁጥሩ ከማን የሠርግ ሱፍ እንደተቀደደ ተመልካቹ ሁሉ ያውቃል። ሜዳውን በእርምጃ መለካት ግን ለሱ ነውር ነው። «እርምጃ እንደ ባለቤቱ ነው፣ አንዱ ይንጠራራል አንዱ ይሰበሰባል» ይላል። ስለዚህ ከቃጫ አንድ ረጅም ገመድ ገምዶ በየልኩ ቋጠሮ ቋጠረበት፤ ለርዝመቱ፣ ለወርዱ፣ ለጎሉ። በዚያ ገመድ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኖራ አሰመረ።

ሜዳ ይወዳል ተብሎ ግን ቤቱን የረሳ ሰው አልነበረም። ሚስቱ ዓለምዘውድ ዘጠኝ ዓመት አልጋ ላይ ስትቆይ መድኃኒቷን ከሱ እጅ በቀር አትወስድም ነበር። የመጀመሪያው አጋማሽ ሲያልቅ እየሮጠ ቤት ይገባል፣ ቀና አድርጎ መድኃኒቷን ይሰጣታል፣ ትራሷን ይገለብጥላታል፣ ውጤቱን ይነግራታል፣ ተመልሶ ይሮጣል። በዚያ ሜዳ እረፍት ሃያ ደቂቃ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዳኛው ሙስተፋ ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ መንገድ መንገዱን እያየ ይጠብቀዋል። ዓለምዘውድ ካረፈች በኋላም እረፍቱ ያው ሃያ ደቂቃ ሆኖ ቀረ፤ ላሳጥረው የሚል ሰው አልተገኘም።

በመስቀል ማግስት ጠዋት ትርሲት ገመዱን ከአባቷ ሳጥን አውጥታ ሜዳ ወረደች። መስመሩን ሌላ ሰው አያሰምርም ብላ ኮሚቴውን አስቀድማ አስጠንቅቃለች። ሙስተፋ አንዱን ጫፍ ያዘላት። የወርዱ ቋጠሮ ጋ ስትደርስ ቆመች። ቋጠሮው ሁለት ነው። አንዱ በዘመን ብዛት ጠቁሯል፤ ሌላው ስምንት እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ በቀይ የስፌት ክር ታስሯል።

«ጋሽ ሙስተፋ፣ ይሄ ምንድነው?»

ሙስተፋ ወደ ሜዳው ጥግ፣ ወደ አምሀ የቆርቆሮ አጥር አየ።

«ወላሂ ልነግርሽ ነበር ልጄ። የዛሬ ሁለት ዓመት በመስቀል ዋዜማ አምሀ አጥሩን ገፍቶ ጥጉን በላው። እንናገረው አልኩት አባትሽን። ‹በመስቀል ጠብ አይነሳም ሙስተፋ፣ ከመስቀል በኋላ እንነጋገራለን› አለኝ። በማግስቱ ጨዋታ ነበር፤ ሜዳው ካልጠበበ ማዕዘኑ አጥር ውስጥ ሊገባ ነው። ‹በእጄ ያሳደግኩትን ልጅ ሕዝብ ፊት ላሳፍረው?› ብሎ ይቺን ቋጠረ። ከዚያ መስቀሉ አለፈ፣ እሱም ታመመ፣ እኔም ዝም አልኩ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው። አምሀ ቀኑን መርጧል! የተጣላ ሁሉ ታርቆ የሚገባበትን፣ ቅሬታ ያነሳ ሰው እንደ ነውረኛ የሚታይበትን ዋዜማ ጠብቆ ምሰሶውን ተከለ። በሙስተፋም ተናደደች። ከሁሉ ይልቅ ግን ያንገበገባት አባቷ ነው። ለሱሪ እግር እንኳ አንድ ጣት የማያጎድል ሰው፣ ለይሉኝታ ሲል የልጆቹን ሜዳ በገዛ እጁ ቀዶ አጠበበው። በሕይወት ቢኖር ትጮህበት ነበር። የሞተ ሰው ላይ እንዴት ይጮኻል?

ከሰዓት ሜዳው ሞላ። ለበዓል ከአዲስ አበባ የገባው ሁሉ መጥቷል። አምሀ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ድምፅ ማጉያ ጨበጠ። «ጋሽ ሽባባው ይህን ሜዳ እንደ ዓይኑ ብሌን የጠበቀ...»

ትርሲት ቀዩን ክር በጥርሷ በጠሰችው። ቋጠሮውን ፈታች፣ ገመዱን እስከ ጥቁሩ ቋጠሮ ሳበችና ሰው ሁሉ እያያት ኖራውን እያፈሰሰች ሄደች። አዲሱ መስመር በቀዩ ቋጠሮ ይሰመር ከነበረው ውጭ ሄዶ ጥጉ ጋ ሲደርስ ከቆርቆሮው ጋር ተላተመ። የቀረውን ኖራ አጥሩ ላይ ደፋችው።

አምሀ ማጉያውን ዝቅ አደረገ። «ትርሲትዬ፣ በመስቀል? አባትሽ እኮ ሰው አያስቀይምም ነበር።»

በልጅነቷ ትከሻው ላይ አዝሏት ሜዳ ያዞራት ሰው ነው፤ ከጋሼ ሌላ ጠርታው አታውቅም። አሁን ግን «አምሀ!» አለችው። «እንደማያስቀይም ስለምታውቅ አይደል በመስቀል ያጠርከው? የማዕዘኑ ባንዲራ ግቢህ ውስጥ ነው። ክፈት!»

አንድ ሽማግሌ «ተይ ልጄ፣ በዓል ነው፣ ይለፍ» አሉ።

«ያለፈው ይበቃል አባባ» አለች።

ያን ጊዜ ሙስተፋ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተና መሐል ሜዳ ተቀመጠ። «ሦስት ማዕዘን ባለው ሜዳ አላጫውትም» አለ። ተጫዋቾቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ። አምሀ ግራ ቀኙን ቢያይ ዓይኑን የሚያየው ሰው አጣ። በመጨረሻ መዶሻ አስመጥቶ በነጭ ልብሱ አራት ቆርቆሮ ነቀለ። ትርሲት ባንዲራውን ከአምሀ የጎመን መደብ መሐል ተከለችው። አምሀ ለእርቅ እጁን ዘረጋላት፤ አልጨበጠችውም።

«ከመስቀል በኋላ እንነጋገራለን» አለችው። «የቀረው አጥር አለ።»

ጎሉ የገባው ከዚያው ማዕዘን ነው። መቺው ጎመን ረግጦ አሻማ፣ ዘጠኝ ቁጥሩ በግንባሩ ገጨ። ለእረፍት ሲነፋ ትርሲት እግሯ አላስቀምጥ አላት። ሽቅብ ሮጣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገባችና፣ እናቷና አባቷ ጎን ለጎን ባረፉበት ቆመች። እጇ በኖራ ነጥቷል።

«አንድ ለዜሮ» አለችው፣ እያለከለከች። «አኩርፌሃለሁ ግን አባዬ። በጣም ነው ያኮረፍኩህ።»

ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ቁልቁል ሮጠች። ሙስተፋ ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ መንገድ መንገዱን ያያል።