የታንከሩ ሰፈር ገጽ

ቁልፍ ሠሪው ስለ ድረ ገጽ የሚያውቀው ነገር ቢኖር እሱ እንደሌለው ብቻ ነበር። ሱቁ በልብስ ሰፊውና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መሃል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ግድግዳዋ ገና ባልተቀረጹ ቁልፎች ተሸፍኗል። መቅረጫ ማሽኑ ሲጮህ ልብስ ሰፊው ከወዲያ ግድግዳውን ይደበድባል፣ እሱም ከወዲህ መልሶ ይደበድባል፤ የሁለቱ ሰላምታ ይኸው ነው። ድሮ በሩ የተቆለፈበት ሰው ጎረቤቱን ይጠይቅ ነበር፣ ጎረቤቱም ወደ ቁልፍ ሠሪው ይልከው ነበር። ዛሬ ሰው ጎረቤቱን ትቶ ስልኩን ይጠይቃል፣ ስልኩ ደግሞ ቁልፍ ሠሪውን አያውቀውም።

ይህን የነገረችው የእህቱ ልጅ ሚጡ ናት። ሚጡ ለትናንሽ ድርጅቶች ድረ ገጽ በመሥራት ትተዳደራለች። አጎቷ ሥራ ፈትቶ ዝንብ እሽ ሲል ማየቱ አላስችል ቢላት፣ አንድ ቀን ከሰዓት ላፕቶፗን ብብቷ ሥር ሸጉጣ መጣችና ማሽኑን ገፋ አድርጋ ቁጭ አለች።

«ስማኝ ጋሼ» አለችው። «ከተማውን በሙሉ እናገለግላለን ብለን አንድ ገጽ ብቻ ብንሠራ ማንም አያየንም። ሰው የሚፈልገው እኔ ሰፈር በር የሚከፍት ማን አለ ብሎ ነው። ስለዚህ ለምትሄድባቸው ሰፈሮች ሁሉ ለየብቻ ገጽ እናዘጋጃለን።»

«አንዱን ትጽፊና የሰፈሩን ስም እየቀየርሽ መገልበጥ ነዋ።»

«እሱማ የሰነፍ ሥራ ነው፣ ይታወቅብናል። እያንዳንዱ ገጽ ላይ የእውነት የዚያ ሰፈር የሆነ ነገር መኖር አለበት። በሮቹ ምን ዓይነት ናቸው፣ በብዛት ምን ይበላሻል፣ አንተስ እዚያ ቆመህ የተነሳኸው ፎቶ አለ ወይ? ሰው ፎቶውን ሲያይ፣ እንዴ፣ ይሄ እኮ የኛ መንገድ ነው ማለት አለበት።»

ቁልፍ ሠሪው ራሱን ነቀነቀ። የቀረውን ሁሉ በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው አፍስሶታል፤ ይህች የፎቶዋ ነገር ግን ውስጡ ቀረች።

ሰፈሮቹን መምረጥ ጀመሩ። እሱ ያወራል፣ እሷ ትጽፋለች። አሮጌው ገበያ ዘንድ የብረት በርና ዝገት የበላው ጓጉንቸር ነው ያለው። ሆስፒታሉ አካባቢ የሚከራይ ክፍል ስለሚበዛ፣ ተከራይ በወጣ ቁጥር አከራዩ ቁልፍ ያስቀይራል። ከድልድዩ ማዶ ያሉት አዳዲስ ፎቆች በራቸው በራሱ ስለሚዘጋ፣ ቆሻሻ ሊደፋ ብቅ ያለ ሰው ሁሉ ደጅ ይቀራል። አንዴ አንድ የተከበረ ሰውዬ በውስጥ ሱሪው፣ የቆሻሻ ባልዲ ታቅፎ ደረጃ ላይ ቁጭ እንዳለ ደርሶለታል። ሚጡ እየሳቀች ባልዲውን ጽፋ የውስጥ ሱሪውን ተወችው።

«የታንከሩንም ሰፈር ጻፊ» አላት ከዚያ።

የሚጡ ጣቶች ቆሙ። የታንከሩ ሰፈር፣ ያ ትልቅ የውሃ ታንከር ያለበት፣ ከተማው ጫፍ ላይ ነው። አውቶቡስ ቀይሮ ካልሆነ አይደረስም፤ ቁልፍ ሠሪውም እዚያ አንድ በር ከፍቶ አያውቅም። እዚያ ያለችው ሴት ልጁ ናት።

ሰውየው ሌላ ልጅ የለውም። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ አንድ ሹፌር ወደደች። አባትየው ሹፌሩን አልወደደውም። መከረ፣ ተቆጣ፣ ለመነ፣ አልሰማ ስትለው እጁ የለመደውን ሥራ ሠራ። የመኝታ ቤቷ በር ላይ ከውጭ ብቻ የሚከፈት ቁልፍ ገጠመበት። በገዛ ልጁ ላይ። ያን ክረምት በሙሉ እናትየው ሳህን ይዛ ስትገባና ስትወጣ ቁልፉ ከእሱ ኪስ ወጥቶ ተመልሶ እሱ ኪስ ይገባ ነበር። ማታ ማታ ልጅቷ በሩን ስትደበድብ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። ጠላት የሆነባት አልመሰለውም፤ የሚጠብቃት ነበር የመሰለው። በመጨረሻ እናትየው እሱ ገላውን ሲታጠብ ከኮቱ ኪስ ቁልፉን ወስዳ ከፈተችላት፣ ልጅቷም ወጥታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ተደብቀው ይገናኙ ነበር። እናትየው ስትሞት ልጅቷ ቀብር ላይ መጥታ አለቀሰችና በእሱ በኩል ሳታልፍ ሄደች። እሱም ከዘመድ አዝማድ እየለቃቀመ ማወቅ የቻለው ይህን ብቻ ነው፤ ሹፌሩን አግብታለች፣ ከታንከሩ ሥር ካለው መድኃኒት ቤት አካባቢ ትኖራለች። ስልኳን የሚሰጠው አላገኘም። በሰው አስልኮ ይቅርታ ቢጠይቅ፣ አልፈልግም የሚል አጭር መልስ ብቻ መጣለት።

«ጋሼ፣ እዚያ እኮ ሥራ የለህም» አለችው ሚጡ ቀስ ብላ።

«ቁልፍ የማይጠፋው ሰው የለም። አንድ ቀን ይጠፋባታል። ስልኳ ላይ ስትፈልግ ፊቴን ታያለች፣ ቁጥሬ ሥሩ አለ። ከፈለገች ትደውላለች።»

«ካልፈለገችስ?»

«ካልፈለገች ትተወዋለች። እኔ በሯን አላንኳኳሁ።»

ሚጡ እዚህ ላይ እንቢ ማለት ነበረባት። ግን አጎቷ አንጀቷን በላት፤ ጻፈችው።

በማግስቱ ቁልፍ ሠሪው ተላጭቶ፣ ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ለሰርግ የሚያወጣውን ኮት ለብሶ፣ የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ሄደ። ከታንከሩ ሥር መድኃኒት ቤቱን አገኘና ሻጯን ፎቶ እንድታነሳው ለመናት። «ፈገግ በሉ እንጂ አባባ» ብትለው ፈገግ አለ። ከዚያ የመመለሻውን አውቶቡስ ትቶ፣ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ፣ በዚያ የሚያልፉትን ሴቶች አንድ በአንድ ሲያይ ዋለ። ሁለት ጊዜ እሷ መስላው ተነሳ፣ ሁለቱንም ጊዜ አልነበረችም።

ገጾቹ ወጡ። እውነትም ሚጡ ያለችው ሆነ፤ ከአሮጌው ገበያ ተደወለ፣ ከሆስፒታሉ፣ ከድልድዩ ማዶ። ሱቁ ነፍስ ዘራ፤ ልብስ ሰፊው ግድግዳ መደብደብ ሰለቸው። ቁልፍ ሠሪው ግን የማያውቀው ቁጥር በጠራ ቁጥር ልቡ ይሰቀላል፣ ደዋዩ ወንድ ከሆነ ደግሞ ኩም ይላል። ሚጡን ባገኛት ጊዜ ሁሉ የሚጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የታንከሩን ገጽ ማን አየው?

አንድ ሰሞን ሚጡ ስልኳ ላይ እያየች፣ «ይኸውልህ፣ አንድ ሰው ደጋግሞ ከፍቶታል» አለችው። ሰውየው ያን ቀን መሬት አልበቃችውም። ለልብስ ሰፊው ሻይ ጋበዘ፣ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ድምፁ መከፈቱን አሥር ጊዜ አየ፣ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ ይዞት ገባ። ማሽኑን አቁሞ ብቻውን ሲያጉተመትም ልብስ ሰፊው ሰምቶታል። ስትደውል መጀመሪያ የሚላትን ነበር የሚለማመደው።

ከዚያ ሚጡ ላፕቶፗን ሳትይዝ መጣች። ቁልፍ ሲያስቀርጽ የነበረውን ሰው ሸኝቶ እስኪጨርስ ደጅ ቆማ ጠበቀችው።

«ደወለች» አለችው።

ቁልፍ ሠሪው ከመቀመጫው ተነሳ። «ስልኬ አልጠራም እኮ።»

«ለኔ ነው የደወለችው። ገጹ ግርጌ ላይ የድረ ገጹ ሠሪ ተብሎ ቁጥሬ አለ።» ሚጡ ዓይኑን ማየት አቃታት። «ጋሼ፣ ፎቶውን አይታዋለች። ቤቷ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ነው። አባቴ ሰፈሬ መጥቷል አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆቹን ብቻቸውን ደጅ አላወጣችም፣ በሩንም ከውስጥ መቀርቀሪያ አስገጥማበታለች። መቀርቀሪያውም እንቅልፍ አልሰጠኝም፣ እሱ የማይከፍተው በር የለም አለችኝ።»

ቁልፍ ሠሪው እጁን ማሽኑ ላይ አሳረፈ።

«ይቅርታ ሊጠይቅሽ ነው አላልሻትም?»

«አልኳት።»

«ምን አለች?»

«ገጹን አጥፊልኝ አለች። አጠፋሁት፤ ሰው ስልኩ ላይ ሲፈልግ ግን ፎቶህ ጥቂት ጊዜ መታየቱ አይቀርም፣ እሱ በኔ እጅ አይደለም። ለነገሩ ቤት ሊቀይሩ ነው። ዕቃ እያሰሩ ነው።»

«ወዴት?»

«አትነግረኝም፣ ጋሼ። እንዴት ብላ ትነግረኛለች?»

ከወዲያ በኩል ልብስ ሰፊው ማሽኑ ዝም ማለቱ ግር ብሎት ይሆናል፣ ግድግዳውን አንኳኳ። ቁልፍ ሠሪው አልመለሰለትም። ከተማው ሰፊ ነው፤ ከእንግዲህ በየትኛው ሰፈር ገጽ ቢያወጣ የማን በር ላይ እንደቆመ አያውቅም። የትም ቢያወጣ ደግሞ አስፈራራት ማለት ነው። ሲፈልጋት ነው ለሁለተኛ ጊዜ ያጣት፤ ይህን ለማወቅ ሚጡ እንድታስረዳው አላስፈለገም። ተመልሶ ተቀመጠና አንዲት ያልተቀረጸች ቁልፍ አንስቶ በጣቱ ማገላበጥ ጀመረ።

«ልጆቹን አልሽ?» አላት።

«አዎ።»

«ልጆች አሏት?»

ሚጡ ያን ጊዜ ነው እሱ አለማወቁን ያስተዋለችው። «አሏት» አለችው።

«ስንት ናቸው?»

«አልጠየቅኳትም» አለች ሚጡ። በኋላ ልትጠይቅለት ብላ ልጅቷ በደወለችበት ቁጥር ብትደውል ስልኩ አይሠራም።